ሦስት ቋጠሮ ለቁልቢ መንገድ

ከአዲስ አበባ ማለዳ የተነሣው አውቶቡሳችን አዋሽን ተሻግሮ፣ የጭሮንና የሂርናን ተራሮች ወጥቶ ወርዶ፣ ጨለንቆን ካለፈ በኋላ ተሳፋሪው ሁሉ ፊቱን ወደ መስኮት መለሰ። ገሚሱ አማተበ፤ ገሚሱ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ቁልቢ ደርሰን ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤቴ እትዬ ተሳልመው ሲያበቁ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ይኸው ደረስን እኮ! አትወርጂም እንዴ?» አሉኝ። ከኋላችን የነበሩት ሰዎች ሳቁ። እኛ ግን አልወረድንም። እስከ ድሬዳዋ ተጉዘን፣ አውቶቡሱ ያለፈበትን ያንኑ መንገድ በእግራችን ልንመለስበት ነበር አሳባችን። ይህ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ 14 ቀን ነው።

ነገሩ ለሚሰማው ሰው ሳያስቅ አይቀርም። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ትውልዴ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች ከድሬዳዋ ተነሥታ በእግሯ ቁልቢ ትሄድ ነበር። ልጄ በ2008 ዓ.ም. የስምንት ወር ሕፃን ሳለች የሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል በተኛችበት ሰሞን፣ አንድ ሌሊት አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ «ይህችን ልጅ ብታተርፍልኝ እንደ እናቴ ከድሬዳዋ በእግሬ መጥቼ ጥላ አገባልሃለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ልጅቱ ዳነች፤ አደገች፤ ትምህርት ቤት ገባች። ስለቱ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ሳይከፈል ቆየ።

ረስቼው አይደለም። በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅማለሁ፤ በየዓመቱም አንድ ነገር ይመጣና ይወስደዋል። አንዱን ዓመት የቤት ኪራይ ተጨመረ። አንዱን ዓመት አማቴ ታመሙ። አንዱን ዓመት ደግሞ ምን እንደ ወሰደው እንኳ አላውቅም፤ ብቻ ታኅሣሥ ሲደርስ አልነበረም። እኔ በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ገንዘብ ሳስገባና ሳስወጣ እውላለሁ፤ አንዲት ብር ብትጎድል እስክትገኝ ድረስ ከወንበሬ አልነሣም። የገዛ ስለቴን ግን ወረቀት ላይ አስፍሬው አላውቅም ነበር። በ2015 ዓ.ም. የሐምሌ ገብርኤል ማግስት የልጄን አሮጌ ደብተር አነሣሁና ባዶ ገጽ ፈልጌ መጻፍ ጀመርኩ። እስከ ታኅሣሥ 19 አምስት ወር ነበረኝ።

ባለቤቴ ደብተሩን አየና፣ «አውቶቡሱ ቁልቢ ላይ የሚያወርድ ከሆነ ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» አለኝ። ክፉ አልተናገረም። እስከ ድሬዳዋ የሚጨመረው መንገድና የሦስቱ ቀን ወጪ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ሊውል ይችላል ነው ያለው። እውነቱን ነበር። እኔም መልስ ስላልነበረኝ፣ «በእግሬ ብያለሁ» ብቻ ብዬ ዝም አልኩ። ጥቂት ቆይቶ፣ «እንግዲያው የትምህርት ቤቱ ክፍያ ሳይነካ ይሁን» አለ። ይህ ቃል የደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ሆነ።

ቁልቢን ላላዩ እኅቶች ጥቂት ልበል። ቁልቢ በምሥራቅ ሐረርጌ፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር በሚወስደው የደጋ መንገድ ላይ ትገኛለች። የቅዱስ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ራስ መኮንን በ1888 ዓ.ም. ከተገኘው የዐድዋ ድል በኋላ ለምስጋና እንዳሠሩት ይነገራል። በዓሉ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ይከበራል። በታኅሣሡ በዓል በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ ክርስቲያኑ ብቻ ሳይሆን ሙስሊሙም ስለት ይዞ ይመጣል። ከአዲስ አበባ ጀምረው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው የሚመጡም አሉ። የእኛ የድሬዳዋው መንገድ ከ60 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ለእነዚያ ጨዋታ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከወንበር ለማትነሣ ሴት ግን ጨዋታ አይደለም።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ ብሩን አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ጋዜጣው እጃችሁ እስኪገባ ያረጃል። አከፋፈሉን ግን ልንገራችሁ። ያጠራቀምኩትን በሦስት መሐረብ ቋጠርኩት። ከአሥሩ እጅ አምስቱ የቤት፣ ሁለቱ የመንገድ፣ ሦስቱ የመመለሻ ነው። ብዙ ሰው ለጉዞ ሲነሣ የሚያስበው የመሄጃውን ነው። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እንደዚያው ነበር። ይህን ያስተዉኝ እትዬ ናቸው። ብዙ ጊዜ ሄደው ያውቃሉና ደብተሬን እንዳነበብኩላቸው፣ «መሄጃው አያሳስብሽ። ስትሄጂ ሰው ሁሉ አብሮሽ ይሄዳል። ስትመለሺ ነው ብቻሽን የምትመለሺው» አሉኝ።

የቤቱ ቋጠሮ ከሁሉ የከበደው ነው። ከቤት የምወጣው ለዘጠኝ ቀን ነበር፤ የሚቀሩት ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቼና አማቴ ናቸው። ጤፉ ተፈጭቶ፣ ሽሮው ተዘጋጅቶ፣ ዘይቱና ከሰሉ ተገዝቶ፣ እንጀራ ለምትጋግርልን ሴት የድካሟ ተከፍሎ፣ የልጆቹ የታክሲ ገንዘብ በየቀኑ ተከፋፍሎ በፖስታ መቀመጥ ነበረበት። ለድንገተኛ ሕመምም ጥቂት ለብቻው አስቀመጥኩ። ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ ሳየው፣ ቤቱ በእኔ እጅ ላይ በየቀኑ ምን ያህል እንደሚበላ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። ወንዶቹም ቢያዩት ደግ ነው፤ ባለቤቴ አይቶ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሏል።

ገንዘቡ ከየት መጣ ለምትሉ፣ አንደኛው ከዕቁብ ነው። የኅዳሩ ዕጣ ለደረሳት የሥራ ጓደኛዬ ጉዳዩን ነግሬያት የእኔን ተራ ወስዳ የእሷን ለቀቀችልኝ። ሁለተኛው ከታክሲ ነው። ከሥራ ስወጣ ሁለት ፌርማታ ያህል በእግሬ እየሄድኩ የተረፈውን ሒሳብ ማታ ማታ ቋጠሮው ውስጥ እከት ነበር። ይህ እግሬንም አስለመደልኝ። ከመስከረም ወዲህ ደግሞ እሑድ እሑድ ከእትዬና ከሁለት የሰፈር ሴቶች ጋር ከሽሮ ሜዳ ተነሥተን እንጦጦን እንወጣ ነበር። መጀመሪያ ባዶ እጃችንን፣ ኋላ ውሃና ስንቅ በጀርባችን ተሸክመን። በመጀመሪያው እሑድ መካከል ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። በጥቅምት መጨረሻ ጫፍ ድረስ እያወራሁ እወጣ ነበር። እሑድ ጠዋት ልብስ የሚታጠብበት ጊዜ ስለሆነ ይህ ያለ ጭቅጭቅ አላለፈም፤ ልብሱን ወደ ቅዳሜ ማታ አዛወርነው።

የዓመት ፈቃድ ገና በነሐሴ ነው የጠየቅሁት። የታኅሣሥ ገብርኤል ሲደርስ ሁሉም ሰው ፈቃድ ይፈልጋልና የዘገየ ይቀራል። እርጉዝ የሆነች፣ ደም ብዛት ወይም ስኳር ያለባት እኅት ደግሞ ከመነሣቷ በፊት ሐኪም ታማክር። ሌላም አለ፤ ሴቶች ስለሆንን ልናገረው። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ መቅደስ ስለማትገባ ቀኗን አስቀድማ ትቁጠር፤ ቆጥራም ቢሆን የሚያስፈልጋትን ይዛ ትሂድ፤ ድካምና የመንገድ ለውጥ ቀንን ያዛባል። ከመካከላችን በአንዷ ደርሷል። ስለቷን ለእኛ ሰጥታ እሷ ከግቢው ውጭ ሆና ጸልያለች።

የመንገዱ ቋጠሮ ትንሽ የሆነው ስንቃችንን ከቤት ስለያዝን ነው። የታኅሣሥ ገብርኤል በጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላልና ቅቤም ሥጋም የለም። ገብሱን ለቅመን፣ ቆልተን፣ ፈትገን ወፍጮ ቤት ሰደድነው። ለአንድ ሰው አንድ ኪሎ በሶ፣ ግማሽ ኪሎ ቆሎ፣ ሩብ ኪሎ ስኳር ያዝን፤ ዳቦ ቆሎውንም በዘይት ለውሰን ጠበስነው። ይህ በቂ ነበር፤ ተርፎንም ለነዳያን ሰጥተናል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እኅቶች ግን በዚያ ዳገት ላይ ባዶ ሆድ ከመሄዳቸው በፊት የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ። እኛን አባታችን፣ «መንገደኛ ናችሁ፤ ጠዋት በሶ ጠጡ» ብለውናል።

ለውሃው አንድ ነገር ላክል። ሰው ሲያልበው የሚያጣው ውሃ ብቻ ሳይሆን ጨውም ነው። አንዷ ብትታመም ወይም ተቅማጥ ቢይዛት ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቀስ በቀስ ማጠጣት ነው። ልኩን ደብተሬ ሽፋን ላይ ጽፌው ነበር፤ ደግነቱ አላስፈለገንም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አስቤ፣ ይህን ሁሉ ጽፌ፣ ትልቁን ስሕተት የሠራሁት በጫማ ነው። አምስት ወር ሙሉ የተለማመድኩት በአሮጌው ሸራ ጫማዬ ነበር። ለመሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ፣ «ለገብርኤል በዚህ አሮጌ ጫማ?» አልኩና ከመንገዱ ቋጠሮ ግማሹን አውጥቼ አዲስ ገዛሁ። አሮጌውን ቤት ተውኩት። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ ያልኳችሁን አትርሱ።

ድሬዳዋ አክስቴ ቤት አንድ ቀን አርፈን ታኅሣሥ 16 ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሣን። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በታኅሣሥም ቢሆን ፀሐይ ከወጣች አታስኬድም። የደንገጎ ዳገት ጥምዝምዙ ብዙ ነው፤ አንዱን ጠመዝማዛ ጨረስኩ ስትሉ ሌላው ከበላያችሁ ይታያል። የከተማው መብራት ከበታቻችን እየራቀ ሄደ፤ ጎሕ ሲቀድ ሜዳው ሁሉ እንደ ሰሌን ተዘርግቶ አየነው። እናቴም በዚህ በኩል ስታልፍ ይህንኑ አይታ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ተረከዜ መቃጠል የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ደንገጎ ስንደርስ ሁለቱም ተረከዞቼ ውሃ ቋጥረው፣ የግራው ፈንድቶ ካልሲው በደም ተጣብቆ ነበር። መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ። ሚኒባሶች እየመጡ ይቆማሉ፤ ረዳቶቹ «ቁልቢ! ቁልቢ!» ይላሉ። ከመካከላቸው አንዱ እግሬን አይቶ፣ «እናቴ፣ ነይ በትንሽ ዋጋ ላድርስሽ» አለኝ። ቀሚሴ ውስጥ ወገቤ ላይ የተሰፋው የመመለሻው ቋጠሮ ትዝ አለኝ። ቋጠሮውን ብፈታ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቁልቢ ነኝ፤ ግን በእግሬ አይሆንም። በዚያም ላይ መመለሻዬን እበላለሁ። ስምንት ዓመት የዘገየሁበት ነገር አንድ ሦስተኛው መንገድ ላይ ሊቀር ነው ብዬ እንባዬ መጣ።

እትዬ ምንም አልተናገሩም። እግሬን በንጹሕ ውሃ አጠቡት። የቀኙን ሳያፈነዱ ተዉት፤ የፈነዳውን በተቀቀለ ንጹሕ ጨርቅ አሰሩት። ከዚያ ከከረጢታቸው ሥር አንድ ኮንጎ ጫማ አወጡ፤ ተረከዙ ክፍት የሆነ፣ ልስልስ ያለ፣ ገበያ ላይ ከሁሉ የረከሰው ጫማ ነው። «ይህን ለዝናብ ብዬ ነው የያዝኩት» አሉ። በታኅሣሥ ምን ዝናብ አለ? ሁለት ካልሲ ደርቤ አጠለቅሁት።

«እትዬ፣ እርስዎስ?» አልኳቸው።

«እኔማ ያደረግሁትን አድርጌያለሁ፤ አንቺ ልጅ ተነሺ» አሉኝ።

ያን ዕለት ከደንገጎ አላለፍንም። አንዲት ሻይ የምታፈላ ሴት በረንዳዋን ጠርጋ ሰሌን አነጠፈችልን፤ ከመንገዱ ቋጠሮ ጥቂት ሰጠናት። ያለዚያ ጫማ ግዢ የተሻለ ቤት እናድር ነበር።

ከደንገጎ ወዲያ አገሩ ደጋ ነው። የሐረሩን መንገድ ወደ ግራ ትተን ወደ ቀኝ ታጠፍን። በሁለት በኩል የጫት ማሳ በእርከን ተደርድሯል፤ የታጨደው የማሽላ አገዳ ተከምሯል። በቀስታ ነበር የምሄደው፤ ጓደኞቼ እየቀደሙ ይጠብቁኛል። ቀትር ላይ ውሃችን አልቆ ሳለ አንዲት ኦሮሞ እናት ከደጃፏ አየችን። የማውቃት የኦሮምኛ ቃል ከልጅነቴ የቀረችኝ «ቢሻን» ብቻ ነበረች። ገብታ በጆግ ይዛልን ወጣች፤ አራታችንም ጠጣን፤ የያዝነውንም ሞላችልን። ገንዘብ ስዘረጋላት እጄን አጠፈችና በተሰባበረ አማርኛ፣ «ለእኔም ጸልዪ» አለችኝ። ሻሿን እንደ ሙስሊም ሴት ነበር ያሰረችው። «ገለቶሚ» ማለት እንደሚገባኝ ያስታወስኩት ርቀን ከሄድን በኋላ ነው። ያን ምሽት ላንጌ አደርን።

በሦስተኛው ቀን መንገዱ ሰው ብቻ ሆነ። ልጅ ያዘሉ፣ ሽማግሌ የደገፉ፣ ምንጣፍ የተሸከሙ፣ ባዶ እግራቸውን የሚሄዱ። ወደ ኮረብታው ስንቃረብ ትልልቅ ድንጋይ በጀርባቸው ተሸክመው ጎብጠው የሚወጡ ሰዎች አየሁ፤ ስለ እግሬ ማሰብ ያን ጊዜ ተውኩ። ግፊያው ብርቱ ነው። እዚያ ገንዘብ በአንድ ኪስ አይያዝም፤ ልጅ ይዛ የመጣች እናት ስሟንና ስልክ ቁጥሯን ጽፋ የልጇ ኪስ ውስጥ ትክተት። ከመካከላችን የአንዷ ስልክ እዚያው ተወሰደ፤ የቤቷን ቁጥር በቃሏ ስለማታውቀው ለሁለት ቀን ቤተሰቦቿ ሲሠጉ ሰነበቱ።

ጥላዋን የገዛሁት በመስከረም ነበር፤ በዓል ሲቀርብ ዋጋዋ ይወጣል። ስለት በሚያስገቡት ሰልፍ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። ተራዬ ሲደርስ ተቀባዩ ቀና ብሎም አላየኝ። ጥላዋን ተቀበለኝ፤ መዝገቡ ላይ «ጥላ 1» ብሎ ጻፈ፤ «ቀጣይ» አለ። እኔም ስንት ሺህ ጊዜ በሰው ፊት እንዲህ ጽፌ «ቀጣይ» ብዬ ይሆናል። ወጥቼ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩና እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።

ሌሊቱን ሜዳው ላይ አደርን። ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ከድሬዳዋ ሙቀት የተነሣ ሰው ጋቢ መያዙን ይረሳል። አራታችን በሁለት ጋቢ ተጠቅልለን ጧፍ ለኩሰን ማኅሌቱን ስንሰማ ነጋ።

የመመለሻውን ቋጠሮ የፈታሁት ታኅሣሥ 20 ቀን ነው። መኪናው ሁሉ ሞልቷል፤ ዋጋውም እኔ ከጻፍኩት በላይ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጠብቀን፣ እዚያው አንድ ሌሊት ጨምረን፣ በማግስቱ ስንሳፈር ቋጠሮው ውስጥ የቀረው ከአዲስ አበባ መናኸሪያ እስከ ቤት የሚያደርሰን የታክሲ ሒሳብ ብቻ ነበር። ከአሥሩ ሁለት አድርጌው ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ ቀርተን ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ የምትሄድ ለአንድ ተጨማሪ ሌሊት ትያዝ።

ቤት ስገባ ልጄ ሳፋ ሙሉ ለብ ያለ ውሃ ጨው ጨምራ አመጣችና እግሬን ከተተችው። ተረከዜን አይታ ተንሰፈሰፈች፤ በእሷ ምክንያት መሆኑን ግን ገና አልነገርኳትም። አዲሱን ጫማ ለእኅቴ ልጅ ሰጠሁት፤ እሷ ደስ ብሏት ትሄድበታለች። የእትዬን ኮንጎ ጫማ በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ፣ በሦስተኛው ቀን ልመልስላቸው ሄድኩ። አልተቀበሉኝም።

«አስቀምጪው፤ ሐምሌ ገብርኤል ሩቅ አይደለም» አሉኝ።